«አብዷል» ከማለታችሁ በፊት

«ዶክተር፣ ውሻችን አብዷል፤ መርፌ ወግተህ ገላግለን።» ደብረ ማርቆስ ውስጥ በእንስሳት ሕክምና ለሚሠራ ሰው ይህ የዘወትር ጥያቄ ነው። ውሻው ብዙ ጊዜ ከመንገድ ተነሥቶ ያደገ ነው። ቤተኛ ሆኖ፣ ከልጆች ጋር ተላምዶ ኖሯል። አንድ ቀን ግን ድንገት ያጉረመርማል፣ ይደበቃል፣ ሲነኩት ይናከሳል። ሰዎቹ ምን ነክቶት ይሆን ብለው አይጠይቁም። ፍርዱን ጨርሰው ነው የሚመጡት። ይህ ነገር በጣም ስለሰለቸኝ የምሰማውን አንድ በአንድ ላንሣ።

«ጠባዩ ድንገት የተለወጠ ውሻ አብዷል ማለት ነው።»

የእብድ ውሻ በሽታ እዚህ ጎጃም አለ፤ ሰውም ይገድላል። ሊዘነጋ አይገባም። ግን ብቸኛው ምክንያት እሱ አይደለም። የበሰበሰ ጥርስ፣ የጆሮ ቁስል፣ የወገብ ሕመም፣ የዓይን መድከም፣ የሚጥል በሽታ፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ ሁሉም ገራሙን ውሻ ተናካሽ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ከሉማሜ አካባቢ አንዲት እናት ነብሮ የሚባል ውሻ ይዘው መጡ። ትንሹ ልጃቸው ራሱን ሲዳብሰው ሊነክሰው ቃጥቶ ነበር። ነብሮ ክትባቱን በጊዜው ወስዷል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ስሙን ሲጠሩት ጭራውን ይቆላል። አፉን አስረን ጆሮውን ገልበጥ ሳደርገው መጥፎ ሽታ ወጣ። በመግሉና በጥቁሩ ቆሻሻ መሃል ደም ጠጥተው ያበጡ መዥገሮች ተጣብቀዋል። ልጁ ዘወትር የሚዳብሰው እዚያው ጋ ነው። መዥገሮቹ ተነቅለው፣ ጆሮው ታጥቦ፣ መድኃኒቱን ሲጨርስ ነብሮ ወደ ድሮ ጠባዩ ተመለሰ። እናትየው ለመግደል ነበር የመጡት።

በነገራችን ላይ ይህ የሀበሻ ውሻ ዕጣ ብቻ አይደለም። ውጭ አገር ከእሽቅድምድም ከወጡ በኋላ ቤተሰብ የሚያሳድጋቸው ግሬይሃውንድ የሚባሉ ውሾች አሉ። አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ገልጠው ይተኛሉ። ባለቤቱ ነቅቷል ብሎ ሲነካቸው ደንግጠው ይናከሳሉ። ከዚያ «ክፉ ውሻ» የሚል ስም ይወጣላቸዋል።

«ልሃጩ ከተዝረበረበ አለቀለት።»

የግድ አይደለም። የተባይ መድኃኒት የቀመሰ ውሻም ልሃጩ ይዝረበረባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያስመልሰዋል። መርዝ ከሆነ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ቶሎ ከደረሰ የሚድንም አለ። ስለዚህ ለማሳው የተረጨውን፣ ለአይጥ የተቀመጠውን፣ ጎተራ ውስጥ ለነቀዝ የተጣለውን ክኒን አስቡ። ዕቃውን ወይም ማሸጊያውን ይዛችሁ ኑ።

«ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል።» ውሃ መፍራት በሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው። ያበደ ውሻ ወንዝ ሊሻገር ይችላል።

«ረሃብና የበጋ ፀሐይ ያሳብዱታል።» አያሳብዱም። በሽታው የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ በንክሻና በምራቅ ይተላለፋል።

«ያበደ ውሻ ሁሉ ይናከሳል።»

ይህኛው ሰው ያስጨርሳል። ዝም ብሎ የሚያብድ ውሻ አለ። ጥግ ይዞ ይተኛል፣ መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እባካችሁ አትክተቱ! አጥንትም ይሁን በሽታ፣ ጓንት ያደረገና የተከተበ ባለሙያ ይየው።

«የነከሰ ውሻ ወዲያው ይገደል።»

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ውሻው ልጅ ይነክሳል፣ ጎረቤት ድንጋይ ይዞ ይወጣል፣ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ሁሉም ሰው ልጁ የተጠበቀ ይመስለዋል። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። በነከሰበት ቀን ምራቁ ውስጥ ቫይረስ የነበረ ውሻ በ10 ቀን ውስጥ ምልክት አሳይቶ ይሞታል። 10 ቀን ታስሮ በጤና ከቆየ፣ ያ ንክሻ ቫይረሱን አላስተላለፈም ማለት ነው። የልጁ ክትባት ሳይጠበቅ ወዲያው ይጀመራል፤ ውሻው ደህና መሆኑ ሲረጋገጥ ሐኪሙ ሊያቆመው ይችላል። ውሻውን የገደለ ሰው ይህን መልስ አብሮ ገደለው።

አንድ ቤተሰብ አውቃለሁ። ልጃቸውን የነከሰው ውሻ ጭንቅላቱ በድንጋይ ተፈጭቶ ገደል ተጣለ። ሌሊት ጅብ በላው። ምርመራ የሚደረገው በአንጎሉ ነው፤ የሚመረመር ነገር አልተረፈም። ልጁ ክትባቱን ጨረሰ፤ ዛሬ ደህና ነው። እናቱ ግን ባገኙኝ ቁጥር «እውነት አብዶ ነበር እንዴ?» ይሉኛል። ልመልስላቸው አልችልም።

ስለዚህ ግቢ ውስጥ ዝጉት ወይም በጠንካራ ሰንሰለት እሰሩት። ምግብና ውሃ ከሩቅ አቅርቡለት። ለወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አስታውቁ።

«ለተነከሰ ሰው ጠበልና የባህል መድኃኒት ይበቃዋል።»

ጠበሉን ተጠመቁ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ክትባቱን ግን እሱን ብላችሁ አትተዉ። በሽታው በሰው ላይ ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ከሁሉም በፊት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቅጠል አትለጥፉበት፣ በርበሬ አትነስንሱበት።

ወደ እኛ ስትመጡ ደግሞ እነዚህን ንገሩን። ለውጡ መቼ ጀመረ? ይበላል፣ ይጠጣል? ከሌላ ውሻ ወይም ከጅብ ጋር ተናክሶ ያውቃል? ባለፉት ወራት የሆነውንም አትርሱ፤ በሽታው ከንክሻ በኋላ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ተደብቆ ይቆያል። የክትባት ካርዱን ያዙ። ሲያንቀጠቅጠው ወይም ሲወድቅ በስልካችሁ ቅረጹት፤ ክሊኒክ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይተወዋል። ለመያዝ የሚያስፈራ ከሆነ አትታገሉት። በሩን ዘግታችሁ ደውሉ፤ እኛ እንመጣለን።