የቤኔዲክቶስ ኦብሌት መሆን መመንኮስ ነው?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ባለትዳር «የቤኔዲክቶስ ኦብሌት ልሆን ነው» ብትል፣ ጎረቤቶቿ መጀመሪያ የሚሏት «ልትመነኩሺ ነው እንዴ?» ነው። አይደለም። መነኩሴ በገዳሙ ለመጽናት፣ አኗኗሩን ለመለወጥና ለመታዘዝ መሐላ ይገባል። ኦብሌት ግን ኑሮዋ በፈቀደላት መጠን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሚታወቀው ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ለመነኮሳት በጻፈው ሕግ ለመመራት ለአንድ ገዳም ቃል ትሰጣለች፤ ትዳሯም ሥራዋም ንብረቷም እንዳለ ነው።

ብዙዎችን የሚያስጨንቀው የጸሎት ሰዓት ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው ይህ ሕግ 73 ምዕራፎች አሉት። 50ኛው የሚናገረው ከጸሎት ቤት ርቀው ስለሚሠሩና መንገድ ላይ ስላሉ መነኮሳት ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ እዚያው ባሉበት ይጸልዩ ይላል። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ምዕራፍ ነው። ለመነኩሴ እንኳ እንዲህ ከታሰበለት፣ ማለዳ ታክሲ ተሰልፋ የምትጠብቅ እናት «አቤቱ፣ ከንፈሮቼን ክፈት» ብላ መዝሙረ ዳዊቷን በልቧ ብትጀምር ጸሎቷ ሙሉ ጸሎት ነው።

ከጸሎቱ ጋር አብሮ የሚነሣው ተመስጦ፣ ማለትም በጸጥታ ተቀምጦ በልብ መጸለይ፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ጠዋትና ማታ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጀርባን አቅንቶ ተቀምጦ «ማራናታ» («ጌታ ሆይ፣ ና») የሚለውን ቃል በልብ መደጋገምን ያስተማረው፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ያረፈው ቤኔዲክታዊ መነኩሴ ጆን ሜይን ነው። የቤኔዲክቶስ ሕግ ራሱ ግን በዚህ መልክ አያዝም።