ኤም.ጂ.አር. እና ከሞተም በኋላ ያልተለዩት አድናቂዎቹ

በደቡብ ሕንድ ቼናይ ከተማ፣ ማሪና በሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ አንድ የማይረሳ መቃብር አለ። ሊያዩት የሚመጡ ሰዎች ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ድንጋዩ ላይ ያስጠጋሉ። ከሟቹ እጅ የማትለየው ሰዓት አብራው ተቀብራለች፣ እስከ ዛሬም ትመታለች ይባላልና ድምጿን ለመስማት ነው። ሰውየው ያረፈው በ1987 ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ይህ ሰው ማሩዱር ጎፓላን ራማቻንድራን ነው፤ አገሬው ኤም.ጂ.አር. ይለዋል። የታሚል ፊልም ታላቅ ኮከብ ነበር፤ ኋላም የታሚል ናዱ ግዛት ዋና ሚኒስትር፣ ማለትም የግዛቱ መንግሥት መሪ ሆነ። ሕንድ ውስጥ ከፊልም ተዋናይነት ተነስቶ እዚህ ሥልጣን ላይ የደረሰ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እኛ ዘንድ የሕንድ ፊልም ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው የሂንዲው ነው። የታሚሉ ግን ሌላ ቋንቋ፣ የራሱ ኮከቦችና የራሱ ተመልካች ያለው ዓለም ነው። መናገሻው ቼናይ፣ የቀድሞዋ ማድራስ ናት።

የተወለደው በ1917፣ በዛሬዋ ስሪላንካ ካንዲ አቅራቢያ ነው። አባቱ ገና በልጅነቱ ሞቱበት። ቤቱ ችግር ስለገባ ትምህርቱን ትቶ ከተዘዋዋሪ የቴአትር ቡድን ጋር እንጀራውን መፈለግ ጀመረ። ፊልም ላይ ብቅ ያለው በ1936 ነው፤ መሪ ተዋናይ ለመሆን ግን ከ10 ዓመት በላይ በትናንሽ ሚናዎች ጠብቋል።

ታዋቂ ከሆነ በኋላ የሚጫወታቸውን ሰዎች በጥንቃቄ ይመርጥ ነበር። ገበሬ ይሆናል፣ ዓሣ አጥማጅ ይሆናል፣ ሪክሾ (በሰው ጉልበት የሚሄድ የመንገደኛ ጋሪ) ነጂ ይሆናል። ግፈኛውን ባለመሬት በጡጫ ያስተካክለዋል፣ እናቱን እንደ ታቦት ያከብራል፣ አይጠጣም፣ አያጨስም። አዳራሹ ውስጥ መሬት ላይ በርካሽ ቲኬት የተቀመጠው የቀን ሠራተኛ ራሱን ያየው እዚያ ነው። እንደ እሱ ያለ ሰው በመጨረሻ ሲያሸንፍ ማየት ለዚህ ሰው ተራ መዝናኛ አልነበረም። በ1971 በሪክሾ ነጂነት የተጫወተበት ፊልም የሕንድን ብሔራዊ የምርጥ ተዋናይ ሽልማት አስገኝቶለታል። ከዚያ በፊት ግን በእውኑ ዓለም ለማድራስ ሪክሾ ጎታቾች የዝናብ ካፖርት አድሏል። ለአድናቂዎቹ በፊልሙና በሰውየው መካከል ልዩነት ያልታያቸው በዚህ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አድናቆቱ በየሰፈሩ ማኅበር ነበረው። አባላቱ ከኪሳቸው ያዋጣሉ። አዲስ ፊልም የሚከፈት ቀን ከበሮ ይዘው ሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ይወጣሉ፣ የግዙፍ ምስሉን አንገት በአበባ ጉንጉን ያስጌጣሉ፣ ልክ ቤተ መቅደስ እንደሚደረገው ካምፎር የሚባለውን ሽታ ያለው ነገር ያነዳሉ። በትወና ችሎታ ይበልጠዋል ከሚባለው ከሲቫጂ ጋኔሳን ደጋፊዎች ጋርም የማያባራ ፉክክር ነበራቸው። ነገሩ በጭፈራ ብቻ አይቆምም ነበር። ማኅበራቱ ችግረኛ ይረዳሉ፣ ምርጫ ሲመጣ ደግሞ እሱ አባል ለሆነበት ፓርቲ ይቀሰቅሳሉ።

ፍቅሩ ከአንገት በላይ እንዳልሆነ የታየው በ1967 ነው። ጃንዋሪ 12 ቀን የሙያ ባልደረባው ኤም.አር. ራዳ ቤቱ መጥቶ በሽጉጥ አንገቱን መታው። እሱ የሚወዳደርበት የግዛቱ ምክር ቤት ምርጫ ሊደርስ አንድ ወር ገደማ ነበር የቀረው። አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ሆስፒታል የተኛበት ፎቶ ፖስተር ሆኖ በየግድግዳው ተለጠፈ። ቅስቀሳ ሳይወጣ የምክር ቤት ወንበሩን አሸነፈ። ድምፁ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ቃላቱ ይጎለድፉ ነበር። ሌላ ተዋናይ ቢሆን በዚህ ያበቃለት ነበር። የእሱ ተመልካቾች ግን ያንን የተሰበረ ድምፅ ለመስማት መሰለፋቸውን አልተዉም።

በ1972 ከነበረበት ፓርቲ ሲባረር የራሱን አቋቋመ። ለአዲስ ፓርቲ ቅርንጫፍ መክፈት ብዙ ዓመት ይፈጃል። እሱ ግን አድናቂ ማኅበራቱ ነበሩለት፤ በአንድ ጊዜ የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሆኑ። በ1977 ሥልጣን ያዘ። በ1980 ለጥቂት ወራት ከመቋረጡ በስተቀር እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀም። በ1984 ብሩክሊን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እንኳ፣ አገሩ ሳይኖር ተመረጠ። ያን ሰሞን ስለ ጤናው በቤተ መቅደሱም፣ በቤተ ክርስቲያኑም፣ በመስጊዱም ጸሎት ይደረግ ነበር።

ከሥራዎቹ ሁሉ ሕዝቡ የማይረሳው በ1982 ያስፋፋውን የትምህርት ቤት ምሳ ነው። በልጅነቱ ተርቦ ያደገ ሰው ያንን ማድረጉ ለድሆቹ ትልቅ ነገር ነበር። ተቺዎቹም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ፊልም ላይ አልኮል የማይቀምሰው ሰው፣ በሥልጣን ዘመኑ የመጠጥ ክልከላውን አንስቶ ከሽያጩ ለመንግሥት ገንዘብ ሰብስቧል። ከመጠጡ የሚጎዳው ደግሞ ያው የሚያመልከው ድሃ ነው። ይህ ትችት እውነት ነው፤ ከምሳው ጋር አብሮ መነገር አለበት።

ዲሴምበር 24 ቀን 1987 ሲሞት ማድራስ በለቀስተኛ ተጥለቀለቀች። ሁከት ተነሳ፣ ሱቆች ተዘረፉ፣ ሐዘኑን መቋቋም አቅቷቸው ራሳቸውን ያጠፉም ነበሩ። ይህን የፍቅር ማሳያ አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ እኔ ግን እንደ ጥፋት ነው የማየው።

ዛሬም ልደቱ ጃንዋሪ 17 ሲደርስ በየመንገዱ ሐውልቶቹ አበባ ይለብሳሉ። በፀጉር ቆቡና በጥቁር መነጽሩ ከሩቅ ይለያል። በስክሪን አጣማሪው፣ በፖለቲካ ወራሹ የነበረችው ጃያላሊታ በ2016 ስታርፍ እዚያው ማሪና መታሰቢያ ስፍራው ውስጥ ተቀበረች። በ2019 የቼናይ ዋናው ባቡር ጣቢያ በስሙ ተሰየመ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014፣ በ1965 የሠራው የባሕር ላይ ጀብዱ ፊልም በዲጂታል ታድሶ ዳግም ሲኒማ ቤት ገብቶ ነበር፤ በቼናይ ለወራት ሳይወርድ ታየ።