የባድሜንተን ጉልበት ከየት ነው የሚመጣው?

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ጂም የሚሠሩ ባድሜንተን ተጫዋቾችን አያለሁ። ብዙዎቹ ገና ከበር ሲገቡ ወደ ዱምቤሉ ነው የሚያመሩት። ክንድ ይሠራሉ፣ ደረት ይሠራሉ፣ ከዚያ ወደ ቤት። እግር የሚሠራ ጥቂት ነው። በጣም የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ጨዋታው ያለው እግር ላይ ነው። ከተጫዋቾች የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ኃይለኛ ስማሽ የሚመጣው ከወፍራም ክንድ ነው»

ስማሽ ማለት ከላይ ወደ ታች በኃይል መምታት ነው። ራኬት 100 ግራም እንኳ አይሞላም። ሻትሉ፣ ማለትም የሚመታው ባለላባ ኳስ፣ ደግሞ 5 ግራም ገደማ ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው፣ ፍጥነቱም ከታች ይጀምራል። የኋላ እግር መሬቱን ይገፋል፣ ዳሌና ወገብ ይዞራሉ፣ ትከሻ ይከተላል። መጨረሻ ላይ ከክርን በታች ያለው ክንድ ወደ ውስጥ ይሽከረከራል። ብዙ ሰው የእጅ አንጓ ሥራ የሚመስለው ይሄ መሽከርከር ነው።

ስለዚህ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ይቅደም። ለትከሻ ደግሞ ቀለል ያለ ላስቲክ ይዞ፣ ክርንን ጎን ላይ አጣብቆ፣ እጅን ወደ ውጭ ማዞር። ሲያዩት የማይረባ ይመስላል። ግን ከስማሽ በኋላ የሚወረወረውን ክንድ የሚይዙት ከትከሻ ኋላ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። እነሱ ከደከሙ ትከሻ ይታመማል።

«ሻትሉ ከሜዳ የሚወጣብኝ ጉልበቴ ስለጨመረ ነው»

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሻትሉን ብዙም አይዘውም፣ ስለዚህ ይርቃል። ያው ተጫዋች ቆላ ወርዶ በዚያው ሻትል ቢጫወት ከኋላው መስመር ሳይደርስ ይወድቅበታል። ለከፍታ ቦታ ዝግተኛ ሻትል የሚመረጠውም ለዚህ ነው። የጡንቻ ለውጥን በሻትሉ ርቀት መለካት ያሳስታል።

«ሩጫ ካለ ሌላ አያስፈልግም»

የሯጮች አገር ልጆች ስለሆንን ይሄን አመለካከት መንቀል ከባድ ነው። ማለዳ መስቀል አደባባይ የሚሮጠውን ሰው ማየት በራሱ ደስ ይላል፣ ለትንፋሽም ይጠቅማል። ግን በነጠላ ጨዋታ አንድ ሰው የሚሸፍነው ሜዳ 6.7 በ5.18 ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ዋናው ሥራ መነሳት፣ ብሬክ መያዝና መመለስ ነው። አብዛኛው ልውውጥ በሰከንዶች ያልቃል።

መረቡ ሥር የወደቀ ሻትል ለማንሳት የሚዘረጋውን እግር ልብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ተረከዝ ያርፋል። ጉልበት ይታጠፋል፣ አቅጣጫው ወደ እግር ጣቶች ነው። የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ መላ ሰውነትን ያቆማል። ጭኑ ካልቻለ ጉልበት ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ጉዳቱም የሚጀምረው እዚያ ነው። ስለዚህ ላንጅ (አንድ እግር ወደፊት ዘርግቶ፣ ጉልበት አጥፎ መውረድ) ስትሠሩ በቀስታ ውረዱ። የአደባባዩን ደረጃም መውጣት ብቻ ሳይሆን ረጋ ብሎ መውረድን ተለማመዱበት። መውረዱ ነው ብሬኩን የሚያጠነክረው።

«ክብደት ማንሳት ቀርፋፋ ያደርጋል»

አያደርግም። ጡንቻ እንዲሁ በድንገት አያብጥም፤ ብዙ ሥራና ብዙ ምግብ ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው ጉልበት በአብዛኛው ነርቭ ጡንቻን በደንብ ማዘዝ ስለሚለምድ ነው።

«በጾም ጡንቻ አይገነባም»

ሽሮ፣ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒ ምን ሆነው? መጠኑን ከፍ ማድረግና ከስልጠና በኋላ ሳይቆዩ መብላት ነው።

«ካላመመ አልሠራም»

አዲስ እንቅስቃሴ ከጀመሩ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሰውነት ቢዝል ያለ ነው። የጅማት ሕመም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ባት እየጠነከረ የተረከዝ ጅማት ወደኋላ ሊቀር ይችላል፣ ባድሜንተን ደግሞ ይሄን ጅማት በጣም ይፈትነዋል። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ተረከዝ የሚገትር ከሆነ ዝላዩን ቀንሱ። ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶች ቆሞ ተረከዝን በቀስታ ማውረድ ብዙዎችን ይረዳል። በጨዋታ መሃል ግን አንድ ሰው ከኋላ የረገጣችሁ ያህል ከተሰማችሁ፣ ዞር ስትሉም ማንም ከሌለ፣ በጣት መቆምም ካቃታችሁ፣ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። እዚያው አቁማችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።