«ሄሪንግ ከሌለ ሠርግ የለም»

በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል አንዲት ትንሽ ደሴት አለች፤ የማን ደሴት ትባላለች። የጥንት ቋንቋዋ ማንክስ ነው። በልጅነቱ ከቤተሰቡ የተማረው የመጨረሻ ሰው የሚባለው ኔድ ማድሬል እ.ኤ.አ. በ1974 ሞተ፤ እሱም ዓሣ አጥማጅ ነበር። በዚህ ቋንቋ «ጊን ስኬደን፣ ጊን ባኒሽ» ይባላል። ሄሪንግ ከሌለ ሠርግ የለም ማለት ነው።

መጀመሪያ ሲሰሙት የድግስ ምግብ ጉዳይ ይመስላል። ዓሣው ካልቀረበ እንግዳ ያኮርፋል እንደማለት። ግን ወሬው ስለ ገንዘብ ነው።

ሄሪንግ ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ፣ ብርማ፣ ስብ የበዛበት ዓሣ ነው። ብቻውን አይዞርም፤ የሚሄደው በመንጋ ነው። ቀን ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ ሲመሽ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የማን ሰዎች ለሥራ የሚወጡት ማታ ነበር። መረቡን ውሃ ውስጥ ቀጥ አድርገው ያንጠለጥላሉ፤ ጀልባዋም ከመረቡ ጋር ስትንሳፈፍ ታድራለች። ዓሣው ጭንቅላቱን በመረቡ ቀዳዳ ያስገባል። ወደ ኋላ ልመለስ ሲል በስንጥቡ ይያዛል።

የደሴቲቱ ሰው ብዙውን ጊዜ ግማሽ ገበሬ፣ ግማሽ ዓሣ አጥማጅ ነበር። በክረምታችን ወራት ወንዶቹ ባሕር ላይ ሲሆኑ ማሳው በሴቶቹ እጅ ነው። መሬቷ ትንሽ ናት፤ ቤተሰቡን ካበላች ተመስገን ነው። ጥሬ ብር የሚመጣው ከሄሪንግ ነበር። እሱም ቢሆን በደመወዝ መልክ አይደለም። የተያዘው ዓሣ ይሸጥና ገንዘቡ ለጀልባዋ፣ ለመረቡና ለሰዎቹ በድርሻ ይከፈላል። ጀልባም መረብም የሌለው ጎረምሳ የሚደርሰው የጉልበቱ ድርሻ ብቻ ነው። ወቅቱ ከሰመረ ዕዳውን ከፍሎ፣ የቤት ዕቃ ገዝቶ ያገባል። ካልሰመረ ሠርጉ ለከርሞ ይተላለፋል። እጮኛዋ ምን ትላለች? ከእሷ ወንድሞችም አንዱ እዚያው ጀልባ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ነገሩ ይገባታል።

የእኛ አገር ገበሬ ልጁን በጥር የሚድረው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እህሉ ጎተራ ገብቷል፣ ዐቢይ ጾምም አልደረሰም። ግን አንድ ልዩነት አለ። ገበሬ ማሳው ዳር ቆሞ አዝመራውን ያያል፤ ያምር እንደሆነ ቀድሞ ይገምታል። ሄሪንግ መረብ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አይታይም። አንዳንድ ዓመት ጭራሹን ድርሽ አይልም። ባሕሩም ሰው ይበላል፤ እ.ኤ.አ. በ1787 በመስከረም ወር በደሴቲቱ በዳግላስ ወደብ ማዕበል ጀልባዎቹን ሰባብሮ ብዙ አጥማጆች ሞተዋል። እንግዲህ «ከሌለ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ይህ ሁሉ ስጋት አለ።

ወደ ገበታውም እንምጣ። ስብ የበዛበት ዓሣ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ በየቤቱ በበርሜል በጨው ይቀመጥ ነበር፤ ብርዱን የሚያሻግረው ድንችና ጨው የበላ ሄሪንግ ነው። ድንችና ሄሪንግ እስካሁን የደሴቲቱ ምግብ ተብሎ ይጠራል። ፒል በምትባለው ከተማ ደግሞ ዓሣውን ሰንጥቀው፣ ጨው ነክረው፣ በባሉጥ እንጨት ጭስ ያጥኑታል። «ኪፐር» የሚባለው ይህ ነው።

ይህን ያህል የሚያኖር ዓሣ ተረት ቢወጣለት አይገርምም። ዓሦች ንጉሥ ሊመርጡ ተሰበሰቡ ይላሉ። ፍሉክ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ በቀይ ነጠብጣብ ሲኳኳል አረፈደ። ሲደርስ ሄሪንግ ነግሦ አገኘው። «ይሄ ተራ ዓሣ?» ብሎ አፉን ቢያጣምም፣ እንደተጣመመ ቀረ። ለእኔ ከአባባሉ ይልቅ የደሴቲቱን ሰው ጠባይ የሚያሳየኝ ይኼ ተረት ነው።

የሄሪንግ ነገር ፍርድ ቤትም ገብቷል። የደሴቲቱ ዳኞች ዲምስተር ይባላሉ። ሲሾሙ ከሚምሉት ውስጥ፣ የሄሪንግ አከርካሪ በዓሣው መካከል እንደሚገኝ ሁሉ እኔም በሁለቱ ወገኖች መካከል ሳላዳላ ሕጉን እፈጽማለሁ የሚል ይገኝበታል። ሄሪንግ በእጁ ገንጥሎ የበላ ሰው ምሳሌውን ወዲያው ይረዳዋል፤ አከርካሪው ሲነሳ ሥጋው ግራና ቀኝ እኩል ይቀራል። መሐላው ዛሬም አለ።