ኦሬንጅ ቦውል፦ ስለ ማያሚው የድሮ ስታዲየም ተሳስተን የምናወራቸው ነገሮች

ማያሚ ውስጥ ሊትል ሃቫና የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ካለው የቤዝቦል ስታዲየም በስተምሥራቅ በኩል ብርቱካናማ ፊደላት መሬት ላይ ተበትነው ታያላችሁ። ቁመታቸው 3 ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንዱ በጎኑ ተጋድሟል። አንዱን ደግሞ መሬት የዋጠው ይመስላል። ዙሪያቸውን ስትዞሩ ሌላ ሌላ ቃል ይሠራሉ። በድሮው ስታዲየም ላይ በነበረው የ«ማያሚ ኦሬንጅ ቦውል» ጽሑፍ አምሳል የተሠሩ ናቸው።

ስታዲየሙ በ1937 ተከፍቶ በ2008 ፈረሰ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። የኮሌጅ ፉትቦል፣ ማለትም ያ የእንቁላል ቅርጽ ባለው ኳስ የሚጫወቱት፣ ትልልቅ ቀኖቹን እዚያ አሳልፏል። ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ግን ብዙ ነገር ያምታታሉ። እኔ ይህን ቦታ ስለምወድ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ኦሬንጅ ቦውል ማለት ስታዲየሙ ነው።» በየዓመቱ የሚካሄድ ጨዋታም ነው፤ እንዲያውም ጨዋታው ይቀድማል። የመጀመሪያው የኦሬንጅ ቦውል ጨዋታ ጃንዋሪ 1፣ 1935 ማያሚ ፊልድ በሚባል ሌላ ሜዳ ተካሄደ፤ በክኔል ዩኒቨርሲቲ የማያሚ ዩኒቨርሲቲን 26 ለ 0 አሸነፈ። ስታዲየሙ ሲከፈት ስሙ በርዳይን ነበር። ኦሬንጅ ቦውል የተባለው በ1959 ነው፤ ስሙን የወሰደው ከጨዋታው ነው። ስታዲየሙ ቢፈርስም ጨዋታው ዛሬም አለ፤ የሚካሄደው ግን ማያሚ ጋርደንስ በሚባል ሌላ ከተማ ነው።

ስታዲየሙ የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ነበር የሚሉም አሉ። አይደለም፤ የከተማው ነበር። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው ኮራል ጌብልስ በሚባል ሌላ ከተማ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «የኦሬንጅ ቦውል የኮሌጅ ታሪክ ማለት የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው» ይባላል። ይህ አባባል ግማሹን ታሪክ ይቀብራል። ከ1947 ጀምሮ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ የሆነው ፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም «ኦሬንጅ ብሎሰም ክላሲክ» የተባለውን ጨዋታ ማያሚ ያዘጋጅ ነበር፤ እስከ 1978 ድረስ። ዘመኑ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል ጥቁርና ነጭ በሕግ የተለያዩበት ነበር። የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ለመጀመሪያ ጥቁር ፉትቦል ተጫዋች ስኮላርሺፕ የሰጠው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ሬይ ቤላሚ ይባላል። እንግዲህ አስቡት። ነጮቹ ቡድኖች በሚጫወቱበት በዚያው ሜዳ፣ ቤላሚ ከመምጣቱ 20 ዓመት በፊት፣ ከጥቁሮች ኮሌጆች ምርጥ ምርጦቹ ይገናኙ ነበር። ማርቺንግ 100 የሚባለው የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ በጎዳና ሲያልፍ ሰፈሩ ሁሉ ነቅሎ ይወጣል። ለጥቁሩ ማኅበረሰብ በዓል ነበር።

የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም አሠልጣኝ ጄክ ጌይዘር ነበር። ከልጆቹ አንዱ ደግሞ ቦብ ሄይስ ነው። ስሙን አትሌቲክስ የሚወድ ኢትዮጵያዊ ሊያውቀው ይገባል። ኦክቶበር 15፣ 1964 ቶኪዮ ላይ 100 ሜትሩን በ10.0 ሰከንድ ሮጦ ወርቅ ወሰደ። ከ6 ቀን በኋላ በዚያው ስታዲየም አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ አሸንፎ ገባ። ሄይስ በኋላ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ትልቁን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልንም አሸንፏል። ስለ ኦሬንጅ ቦውል ሲወራ ይህ ትምህርት ቤት የማይነሳው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ሌላው ስህተት የነብራስካና የማያሚ ዩኒቨርሲቲዎች የተገናኙበትን የጃንዋሪ 2፣ 1984ቱን የኦሬንጅ ቦውል ጨዋታ ይመለከታል። ነብራስካ ከአገሪቱ ቡድኖች አንደኛ ደረጃ ላይ ነበር፤ አንድም አልተሸነፈም። 48 ሰከንድ ሲቀር በማያሚ 31 ለ 30 እየተመራ ነበር። አንዷን ቀላል ነጥብ ቢያስገባ እኩል ይሆናል። አሠልጣኙ ቶም ኦዝቦርን ግን ሁለት ነጥብ ፈለገ። ኳሱን የማያሚው ተከላካይ ኬኒ ካልሁን በጣቱ ነካው፤ አለቀ። ሰዎች «እኩል አድርጎ በተጨማሪ ሰዓት አይጨርሰውም ነበር?» ይላሉ። በዚያን ጊዜ በዚህ ደረጃ ተጨማሪ ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረም፤ የመጣው በ1995 ነው። እኩል ቢወጣ የአገሪቱ ሻምፒዮንነት የነብራስካ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነበር። ሰውየው ይህን እያወቀ ለማሸነፍ ሄደ። ለእኔ በዚያ ሜዳ ከተወሰኑት ሁሉ ጀግንነት የነበረበት ውሳኔ ይህ ነው፤ ሞኝነት ማለት ግፍ ነው።

«ዋይድ ራይት» የሚባለውም አለ፤ የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልጅ ከማያሚ ጋር ሲጫወቱ ኳሷን መትቶ በቀኝ ቋሚ በኩል የሳተበት። የመጀመሪያው፣ የ1991ዱ፣ ኦሬንጅ ቦውል ላይ ይመስላቸዋል። ታላሃሲ ከተማ ነው፤ ፍሎሪዳ ስቴት ራሱ ሜዳ ላይ። ኦሬንጅ ቦውል የ1992ቱንና የ2000ውን አስተናግዷል። በ2002 ደግሞ እዚያው ኳሷ በግራ ወጣች።

እግር ኳስ አያውቀውም ለሚሉ፦ በ1996 ኦሎምፒክ ጃፓን ብራዚልን 1 ለ 0 ያሸነፈችው እዚያው ሣር ላይ ነው።

በመጨረሻ ስለ ስንብቱ። የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ከ1985 እስከ 1994 በዚያ ሜዳ 58 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል። ኖቬምበር 10፣ 2007 ግን በቨርጂኒያ 48 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ። ብዙ ሰው የስታዲየሙ የመጨረሻ የኮሌጅ ጨዋታ ይህ ነው ብሎ ያዝናል። አይደለም። ፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል የሚባለው የከተማው ሌላ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ዓመት እዚያ ይጫወት ነበር። ልጆቹ 23 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈው ነበር። ዲሴምበር 1 ኖርዝ ቴክሳስን ገጠሙ፤ 38 ለ 19 አሸነፉ።