ግራውንድ ምንድን ነው? ዳሽቦርድ ሲያብድ መጀመሪያ የሚፈተሸው ነገር

ፍሬን ሲረገጥ የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ፍሬቻ ሲበራ የነዳጅ ጌጁ ቀስት አብሮ ይዘላል። የግንባር መብራት ሲበራ የሙቀት ጌጁ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲጠፋ ይመለሳል። የቆየ መኪና የያዘ ሰው ከእነዚህ አንዱን ሳያይ አይቀርም። ምክሩም ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ «ዳሽቦርዱን ቀይረው»። እኔ ግን ዳሽቦርድ ከመገዛቱ በፊት አንድ ቡሎን ይፈታ ባይ ነኝ። የግራውንዱ ቡሎን።

አምፖል እንዲበራ ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ፣ በአምፖሉ አልፎ፣ ወደ ነጌቲቩ መመለስ አለበት። መኪና ላይ ለመሄጃው ፊውዝና ማብሪያ ያለው ሽቦ ተዘርግቷል። ለመመለሻው ግን ከእያንዳንዱ አምፖል እስከ ባትሪው ሌላ ሽቦ አይጎተትም። ቦዲው ብረት ስለሆነ የሽቦውን ሥራ እሱ ይሠራል። የባትሪው ነጌቲቭ በወፍራም ገመድ ከቦዲውና ከሞተሩ ጋር ይታሰራል። አምፖሉም፣ ጌጁም፣ ክላክሱም በየአቅራቢያቸው ካለ ብረት ጋር ይያያዛሉ። ግራውንድ የሚባለው ይሄ መመለሻ ነው። ጥንታዊ የእንግሊዝ መኪና ካላችሁ ግን ጥንቃቄ፦ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ላንድሮቨሮች ከቦዲው ጋር የታሰረው ፖዘቲቫቸው ነው። ይህን ሳያይ ዘመናዊ ቴፕ የሚገጥም ሰው ቴፑን ያቃጥለዋል።

ብረቱ ራሱ ችግር የለበትም። ችግሩ መጋጠሚያው ላይ ነው። ቡሎኑ ሥር ዝገት ይገባል፣ የባትሪው ራስ ነጭ ዱቄት ያበቅላል። እኛ ጋ ደግሞ መኪና ረጅም ዕድሜ ስለሚኖር ላሜራው ይቀጠቀጣል፣ ስቱኮ ይለቀለቃል፣ እንደገና ቀለም ይቀባል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የግራውንድ ቡሎን ቀለም ላይ ሲታሰር መኪናው ከቀለም ቤት አብረቅርቆ ይወጣና ከሳምንት በኋላ መብራቱ ይቀውሳል።

መመለሻው ሲዘጋ ኤሌክትሪኩ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የኋላ መብራትን እንይ። በብዙ የቆዩ መኪኖች አንድ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር አለ፦ ለፍሬን 21 ዋት፣ ለፓርኪንግ 5 ዋት። ሁለቱ የሚመለሱት በአንድ ግራውንድ ነው። ያ ግራውንድ ሲላቀቅና ፍሬን ሲረገጥ፣ በፍሬኑ ክር የገባው ኤሌክትሪክ መውጫ ያጣና በፓርኪንጉ ክር ወደ ኋላ ይሄዳል። የፓርኪንግ ሽቦ ደግሞ ከሌሎቹ የፓርኪንግ መብራቶችና ከዳሽቦርዱ አምፖሎች ጋር የተገናኘ ነው። በእነሱ በኩል አልፎ በእነሱ ግራውንድ ይመለሳል። ስለዚህ ማብሪያውን ማንም ሳይነካው ዳሽቦርዱ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ዳሽቦርዱ አልተበላሸም። የተበላሸው ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ኮፈን ውስጥ ያለች አንዲት ቡሎን ናት።

ጌጆቹም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። የነዳጁና የሙቀቱ ቀስት አብረው ከፍ ካሉ ጋኑንም ሞተሩንም ተዉት። ብዙ የድሮ መኪኖች ከዳሽቦርዱ ጀርባ ለጌጆቹ የሚሄደውን ቮልት የምትቀንስ ትንሽ ዕቃ አለቻቸው፤ በእንግሊዝ መኪኖች ወደ 10 ቮልት ታወርደዋለች። የእሷ ግራውንድ ሲላቀቅ የባትሪው 12 ቮልት እንዳለ ያልፍና ሁለቱ ቀስቶች ተያይዘው ይወጣሉ። የሚዋሸው አንዱ ብቻ ከሆነ ግን የራሱን ሴንሰር ፈትሹ። ባለ አንድ ሽቦው የሙቀት ሴንሰር ግራውንድ የሚያገኘው በጥርሱ ነው፣ ሞተሩ ላይ በተጠመዘዘበት። ውሃ እንዳያንጠባጥብ ተብሎ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ከተጠቀለለ ግራውንዱ ይደክማል። ያን ጊዜ ሞተሩ እየጋለ ጌጁ «ቀዝቃዛ ነኝ» ይላል። ከሁሉም የምፈራው ይሄንን ነው። ሌላው ብልሽት ያበሳጫል፣ ይሄ ግን ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ያስበላል።

ሞተሩ የተቀመጠው ጎሚኒ ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ለዚህ ነው ከሞተር ወደ ቦዲ የተጠለፈ የመዳብ ገመድ የሚኖረው። ሞተር ሲወርድና ሲወጣ ይህን ገመድ ረስቶ መተው የተለመደ ነው። ያኔ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲነሳ የሚፈልገው ብዙ አምፒር በነዳጅ መስጫው ወይም በፍሪሲዮኑ ገመድ በኩል ይመለሳል። ገመዱ ይግላል፣ ሽፋኑም ይቀልጣል። ያለ ምክንያት ሽፋኑ የቀለጠ ገመድ ካያችሁ ገመዱን ብቻ ቀይራችሁ አትለፉ።

አሁን ወደ ምርመራው። ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ፣ ማለትም መንገዱ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገታ በሚለካበት ላይ፣ አድርጎ «ይገናኛል፣ ደህና ነው» ማለት በቂ አይደለም። ከአሥር ክር አንዷ ብቻ የቀረችለት ገመድም በቴስተር ይገናኛል። ሁለት ባለ 55 ዋት የፊት መብራቶች ወደ 9 አምፒር ይስባሉ። መመለሻው ላይ 0.2 ኦም ብቻ ቢኖር ወደ 2 ቮልት የሚጠጋ እዚያው ይቀራል፤ መብራቱም በግልጽ ይደክማል። 0.2 ኦምን ደግሞ ርካሽ ቴስተር ከራሱ ሽቦ አይለየውም።

ስለዚህ የምትለኩት ቮልት ነው፣ ያውም መብራቱ በርቶ። ጥቁሩን ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ አድርጉ፤ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን ራሱ የባትሪው የእርሳስ ራስ ላይ። ቀዩን የአምፖሉ ግራውንድ ላይ። ከ0.2 ቮልት በታች ካነበበ ደህና ነው። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካለ ጥፋተኛው ተገኘ። ቴስተር ከሌላችሁ ከአምፖሉ ግራውንድ እስከ ባትሪው ነጌቲቭ አንድ ሽቦ ለጊዜው ዘርጉ። ችግሩ ወዲያው ከጠፋ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጥገናው ቀላል ነው። የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ። ቡሎኑን አውጡ። የገመዱን ጫፍም ቦዲውንም በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጉ። አጥብቃችሁ እሰሩና ከላይ ቫዝሊን ወይም ግሪስ ቀቡት፣ ውሃ እንዳይገባ። ግሪሱ ከታሰረ በኋላ እንጂ ከመታሰሩ በፊት አይቀባም።

ሁሉን ነገር ግን በግራውንድ አታሳብቡ። የላላ ግራውንድ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ስለዚህ ፊውዝ አያቃጥልም። ፊውዝ ከተቃጠለ የተላጠ ሽቦ ቦዲ ነክቷል ማለት ነው፣ ፍለጋው ሌላ ነው። የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ በፊውዙ ቦታ መክተት እስካሁን አልቀረም፤ ሽቦው ሲቃጠል የሚቆመው ዳሽቦርዱን ይዞ ነው። ሞተር ተነስቶ የባትሪዋ ቀይ መብራት አልጠፋም ካለችም መጀመሪያ ባትሪው ላይ ቮልት ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ካልደረሰ ቺንጊያውንና ዲናሞውን እዩ።