ያልተጠየቁ የማስታወቂያ መልእክቶች በሐዋሳ

በሐዋሳ ነዋሪው ሳይጠይቅ የሚደርሰው ማስታወቂያ በአመዛኙ በእጅ ስልክ የሚመጣ ነው። በአሜሪካ የየቤቱን የፖስታ ሣጥን የሚያጨናንቀው የማስታወቂያ ወረቀት እዚህ ሥር አልሰደደም። በኢትዮጵያ ደብዳቤ የሚደርሰው በአብዛኛው ፖስታ ቤት ውስጥ ለተከራዩት ሣጥን እንጂ ለመኖሪያ ቤት ባለመሆኑ፣ ነጋዴው በዚያ መንገድ ብዙ ሰው ማግኘት አይችልም።

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይታደላል፤ በመናኸሪያ፣ በፒያሳና በአቶቴ። ቆሎ ሻጮች ያነሡትን በራሪ ወረቀት በሾጣጣው ጠቅልለው፣ ጫፉን አጥፈው የቆሎ መያዣ ያደርጉታል።

የስልኩ ታሪክ ሰፋ ያለ ነው። የሞባይል አገልግሎት በኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ተጀመረ። አጭር የጽሑፍ መልእክት ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ ቆይቶ በ2000 ዓ.ም. መባቻ ተመለሰ። ሰፊውን ሕዝብ ከአራት አሃዝ ቁጥር ጋር ይበልጥ ያላመደው ግን 8100 ይመስላል፤ ለታላቁ የህዳሴ ግድብ «ኤ» የምትለውን የላቲን ፊደል ወደዚህ ቁጥር መላክ ከተማችንም የድርሻዋን ያዋጣችበት የክብር ሥራ ነበር። ይህንኑ ልማድ ተከትለው የጤና ምክር፣ የእግር ኳስ ውጤት፣ መንፈሳዊ ጥቅስና የዕጣ ጨዋታ የሚሸጡ አጭር ቁጥሮች በዙ። ቴሌብር በ2013፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ የጥቅልና የጉርሻ ማስታወቂያው ተደረበበት።

ድርጅቶች መላኩን የማይተዉት ስለሚያዋጣቸው ነው። ለአንድ ሰው የተጻፈውን ለአሥር ሺህ ሰው ለመላክ የሚጨምረው ወጪ አነስተኛ ነው፤ ከአሥር ሺሁ ጥቂቶች ከገዙ ወጪው ይሸፈናል። በየቀኑ ሂሳብ በሚቆርጥ አገልግሎት ደግሞ ደንበኛው ሳያስተውል የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን ለላኪው ገቢ ነው። ላኪዎች ደንበኛው ራሱ ፈቅዶ ተመዝግቧል ይላሉ። ብዙ ተቀባዮች በበኩላቸው ምንም ሳይነኩ ካርዳቸው እንደተበላ ይናገራሉ። የማን ቃል እውነት እንደሆነ እንደ ሁኔታው ይለያያል፤ ሆኖም «ለመሸለም 1 ብለው ይመልሱ» የሚል መልእክት ክፍያውን ከሽልማቱ እኩል አጉልቶ አለመጻፉ ተገቢ አይደለም።

አብዛኛው ሰው ሳያነብ ያጠፋል። በሐዋሳ የተለመደው ሌላው ምላሽ የጉርብትና ነው። ማንበብ የሚያስቸግራቸው እናት ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ይሰጡና «እስቲ ይቺን እያት ልጄ፣ ከባንክ ይሆን?» ይላሉ። ልጁም «ማስታወቂያ ነው እማማ» ብሎ፣ «ስቶፕ» የሚለውን ቃል ወደዚያው ቁጥር ልኮ ይመልስላቸዋል። በሲዳማ ቋንቋ (ሲዳሙ አፎ) አፋቸውን ለፈቱ አረጋውያን፣ መልእክቱ ብዙ ጊዜ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ መምጣቱ ችግሩን ያባብሰዋል። ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን ልጅ የላከው ገንዘብ መግባቱን የሚነግር የባንክ መልእክት በማስታወቂያ ክምር ውስጥ ተሰውሮ መቅረቱ ነው። «እንኳን ደስ አለዎት» እያለ የሚያታልለው ሌባም የሚደበቀው በዚሁ ክምር ነው።

በሕግ በኩል፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይልና በመሰል አድራሻ ማሰራጨትን በእስራትና በገንዘብ ያስቀጣል። ላኪው ማንነቱን ከገለጸና ተቀባዩ በቀላሉ የሚያቆምበትን መንገድ ከሰጠ ግን አያስጠይቅም። አንቀጹ የስልክ አጭር መልእክትን ምን ያህል እንደሚሸፍን ሊያከራክር ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስልክ ቁጥርን ጨምሮ ሰውን የሚያሳውቅ መረጃ እንዴት እንደሚያዝ ደንግጓል። «ስቶፕ» ተልኮም ሂሳብ መቆረጡ ካልቆመ ደንበኛው በኢትዮ ቴሌኮም 994፣ በሳፋሪኮም 700 ደውሎ ከአገልግሎቱ እንዲያስወጡት መጠየቅ ይችላል፤ ሲደውል መልእክቱን ሳያጠፋ አጭር ቁጥሩንና የተቆረጠበትን ቀን ይዞ ቢሆን ይመረጣል።